የመቀሌ ቤትና የመድን ውል

በአገራችን ሰው ቤት ሠርቶ ሲገባ ዘመድ ወዳጁ ደጁን እየረገጠ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይቀበላል። ምርቃቱ ቤቱ በልጅና በከብት፣ በእህልና በእንግዳ እንዲሞላ ነው። በዚያች ቀን «ይህ ቤት ቢቃጠልብህ ምን ይውጥሃል?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢገኝ ሟርተኛ ተብሎ ከድግሱ መባረሩ አይቀርም። የመድን ድርጅት ሥራ ግን ይኸው ጥያቄ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ስንል የኖርን ሰዎች፣ ለቤታችን ሲሆን ቅጠሉን መቁረጥ ይከብደናል።

ክብደቱን አልፎ ጥያቄውን የሚጠይቅ የመቀሌ ባለቤት አለ እንበል። ወደ አንዱ የኢንሹራንስ ቢሮ ይሄዳል፤ ቅጽ ይሰጡታል። እሳት፣ መብረቅ፣ ፍንዳታ፣ ስርቆት እያለ ይዘረዝራል። ለመሆኑ ይህን ዝርዝር ማን አወጣው? የመቀሌን ቤት ያፈረሰው፣ ያናጋው፣ ባዶ ያስቀረው አደጋስ በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? መልሱ ያለው ከቅጹ ይልቅ በሁለት ታሪኮች ውስጥ ነው፤ አንዱ የከተማይቱ፣ ሌላው የቅጹ የራሱ ታሪክ።

የቃሉ ሥር

«መድን» የምንለው ቃል ከግዕዙ «መድኅን» የመጣ ነው፤ አዳኝ ማለት ነው። «መድኃኔ ዓለም» ስንል የምንጠራው ያንኑ ቃል ነው። «ዋስትና» ደግሞ ከ«ዋስ» ይወለዳል፤ ዋስ ማለት የሌላውን ዕዳ በራሱ አንገት ላይ የሚያስር ሰው ነው። እንግዲህ በቋንቋችን የኢንሹራንስ ኩባንያ አዳኝም ዋስም ሆኖ ቀርቧል። ቃሉ ያሸከመውን ያህል ውሉ መሸከሙን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ኩባንያ ከመምጣቱ በፊት ሰው ያለ ዋስ አልኖረም። ቤቱ የተቃጠለበትን ገበሬ ጎረቤት ተሰብስቦ እንጨት ቆርጦ፣ ድንጋይ አመላልሶ፣ በደቦ መልሶ ይሠራለት ነበር። በከተማ ደግሞ እድር መጣ። የእድር ሒሳብ ቀላል ነው፤ አንዱ ሲጎዳ ሁሉም ያዋጣል። ነገር ግን እድር የቆመው በዋነኛነት ለሞት ነው፤ ድንኳንና ወንበር ያቀርባል፣ ለቀብርና ለሐዘን ይደርሳል። በሚሊዮን ብር የተገነባ ቤት ሲፈርስ መልሶ ለመገንባት የሚበቃ ገንዘብ በሣጥኑ የለውም። ከዚህም በላይ የእድርተኛው ሁሉ ቤት በአንድ ሰፈር ነው። ጎርፍ ወይም ቦምብ ሰፈሩን ባንድ ቀን ሲመታው አዋጪውም ተረጂውም አንድ ሰው ይሆናሉ። የመድን ኩባንያ ብልሃቱ የሩቅ ሰዎችን ስጋት ባንድ መዝገብ ማስፈሩ ነው፤ የጎንደሩ አረቦን የመቀሌውን ጣሪያ ይጠግናል። ይህ ብልሃት የት ላይ እንደሚቆም ግን የሚያሳየን የቅጹ ታሪክ ነው።

የእሳት ልጅ

የዛሬው የቤት መድን የተወለደው በእሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1666 ሎንዶን አራት ቀን ነዳ 13,200 ያህል ቤቶች ጠፉ። የሎንዶን ቤት እንጨት ነበር፤ መንገዱ ጠባብ፣ ጣሪያ ከጣሪያ የተሳሰመ። ከቃጠሎው ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ኒኮላስ ባርበን የተባለ ሐኪምና ቤት ሠሪ ነጋዴ ቤቶችን ከእሳት የሚዋስ ቢሮ ከፈተ። ከእንጨት የተሠራ ቤት ከሸክላ ከተሠራው የበለጠ እንዲከፍል ማድረጉም ከዚያ ዘመን ይጀምራል። መድን የገባው ቤት በግንባሩ ላይ የድርጅቱን የብረት ምልክት ይለጥፍ ነበር። ዛሬ በመቀሌ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ቅጽ «እሳት» ብሎ የሚጀምረው ሎንዶን በእሳት ስለ ጀመረች ነው።

ይህ ፍርሃት ወደ እኛ አገር የገባው በባንክ በር ነው። የአቢሲንያ ባንክ የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፣ በዚያው ዘመን ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጭነት መድን መሸጥ ጀመረ። የሚገዛው የመጋዘን ባለቤትና አስመጪ ላኪ ነጋዴ እንጂ የጭቃ ቤት ባለቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገ ጥናት በአገሪቱ ዘጠኝ የመድን ኩባንያዎች ሲቆጠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተቋቋመው ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ በስተቀር ሁሉም የውጭ ኩባንያዎች ቅርንጫፎች ወይም ወኪሎች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍሉ በአዲስ ሲተካ፣ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው መጽሐፉ ግን በሥራ ላይ እንዲቆይ ተደርጓል። እንግዲህ የዛሬው የመቀሌ ባለቤት ውሉን የሚፈርመው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተጻፈ ሕግ ሥር ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በታኅሣሥ 23 ቀን ዐሥራ ሦስት የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በዓመቱም በእነርሱ ቦታ በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ቆመ። በዚያው 1967 ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። በሰባት ወር ውስጥ ዋሱም የሚዋስለት ቤትም መንግሥት ዘንድ ገቡ ማለት ነው። ለብዙ ከተሜ ቤት የቀበሌ ሆነ፤ የራሱ ያልሆነውን ቤት ደግሞ ማን ብሎ መድን ይገባለታል? ከኢንሹራንስ የራቅነው ባለማወቅ ብቻ ነው የሚሉ ይህን ዘመን ይዘነጉታል። የአንድ ትውልድ ከተሜ የሚዋስለት ቤት አልነበረውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች በሩን ከፈተ፤ የግል ኩባንያዎችም ተፈለፈሉ። የቤት መድን ግን አሁንም የሚሸጠው ባብዛኛው በባንክ በር ነው። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው «የእሳት መድን ግባ» ይባላል፤ በውሉ ላይም የባንኩ ስም ይሰፍራል። ባንኩ የሚያስጠብቀው የራሱን ገንዘብ ነው። ብድሩ ሲያልቅ ባለዕዳው «ተገላገልኩ» ብሎ መድኑንም ይተወዋል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ በሆነ ማግሥት ያለ ዋስ ይቀራል።

የመቀሌ ድንጋይ

አሁን ወደ ከተማይቱ እንመለስ። የትግራይ ደጋ ባህላዊ ቤት፣ ሕድሞው፣ የሎንዶን ቤት ተቃራኒ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በወፍራም ግንድና ምሰሶ ላይ የተደላደለ አፈር ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870ዎቹ በጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ መሪነት ያሠሩት ቤተ መንግሥት የዚያው የድንጋይ ጥበብ ታላቅ ወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው የመቀሌ ቤትም ቆርቆሮና ሲሚንቶ ቢጨመርበት ከነጣ ጥርብ ድንጋዩ አልተለየም። እንዲህ ያለ ቤት እሳት ቢነሣበት ዕቃው ይነዳል፣ ጣሪያው ይጎዳል፤ ግድግዳው ግን ባብዛኛው ይቆማል። የዚህ ቤት ጠላት የክረምት ውኃ፣ የመሬት መንቀጥቀጥና ከሰማይ የሚወርድ ብረት ነው።

መንቀጥቀጡ ተረት አይደለም። መቀሌ የተቀመጠችው ምድር ወደ አፋር ዝቅታ ከሚሰበርበት ጠርዝ አጠገብ ነው። በነሐሴ 1994 ዓ.ም. በሰሜን አፋር ተከታታይ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ከተማይቱን አስደንግጧል። ያለ ብረት ማሰሪያ የተካበ ድንጋይ፣ እሳትን የሚችለውን ያህል መናወጥን አይችልም።

ከሰማይ የሚወርደው ብረት ግን ከሁሉ የከፋው ነው። በቀዳማይ ወያነ ጊዜ፣ በመስከረም ማብቂያ 1936 ዓ.ም.፣ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች በከተማይቱ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ አይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ተመታ፣ 53 ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ፣ 185 ቆሰሉ። ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማይቱ በመድፍ ተመታች፤ ከዚያም እስከ 2015 መጀመሪያ በአየር ጥቃት ደጋግማ ተናወጠች። በሰማንያ ዓመት ውስጥ ሦስት ጦርነት ከሰማይ የወረደባት ከተማ ናት። ባለቤቱ ቅጹን ሲያነብብ መፈለግ የሚገባው ቃል እንግዲህ «ጦርነት» ነው። ያገኘዋልም፤ ነገር ግን ከገጹ ታች፣ «ይህ ውል የማይሸፍናቸው» በሚለው ርዕስ ሥር ነው።

ጦርነት ከውሉ የወጣበት ዓመት

ጦርነት ከውሉ የወጣው ለመቀሌ ተብሎ አይደለም። አውሮፕላን ከተማን ማቃጠል እንደሚችል ዓለም ያየው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ምስክሮች አንዷ በታኅሣሥ ወር 1935 እ.ኤ.አ. በፋሺስት አውሮፕላኖች የነደደችው ደሴያችን ናት። ቀጥሎ የስፔይን የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። የሎንዶን መድን ሰጪዎች ሒሳባቸውን ሠሩና እ.ኤ.አ. በ1937 በየብስ ላይ ያለን ንብረት ከጦርነት አደጋ ላለመዋስ እርስ በርሳቸው ተስማሙ። ምክንያታቸው ከላይ ስለ እድር ካነሣነው የተለየ አይደለም። መድን የሚሠራው ጥቂቶች ሲጎዱ ብዙዎች ሲከፍሉ ነው፤ ቦምብ ግን ጎዳናውን ሁሉ ባንድ ሌሊት ይጎዳል። ትልቁም እድር በዚህ ላይ እድር መሆኑን ያቆማል። ስምምነቱ በዓለም ተዛመተ፤ የእኛም ኩባንያዎች ስጋታቸውን ከፍለው የሚያሸክሙት ለውጭ ጠለፋ ዋስትና ሰጪዎች ስለሆነ ያንኑ አንቀጽ ወረሱት።

ታዲያ የሎንዶን ባለቤት ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1941፣ ቦምብ እየዘነበ ሳለ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የጦርነት ጉዳት ሕግ አወጣ። ባለንብረት ሁሉ በግዴታ እንዲያዋጣ ተደረገ፤ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የፈረሰ ቤት ካሳ በመንግሥት እጅ ተከፈለ። ኩባንያ የጣለውን ሸክም አገር ተሸከመው ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ይህ ሕግ በሎንዶን ለባለቤቶች ካሳ እየቆረጠ ሳለ፣ የዚያችው አገር አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ለመቀሌ ጣሪያ የቆመ ኮሚሽን አልነበረም።

የ1990ው ድብደባ ቢያንስ ዳኛ አግኝቷል። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑም በሚያዝያ 1996 በሰጠው ውሳኔ ኤርትራ በመቀሌ ላይ በፈጸመችው ድብደባ ማድረግ የሚገባትን ጥንቃቄ ሁሉ ባለማድረጓ ተጠያቂ ናት አለ። የመጨረሻው የካሳ ፍርድ የተሰጠው በነሐሴ 2001 ነው፤ ለኢትዮጵያ በጠቅላላው 174 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ለኤርትራም 163 ሚሊዮን ያህል ተፈረደ። ከቦምቡ እስከ ፍርዱ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ፍርዱም በመንግሥትና በመንግሥት መካከል ነው። ጣሪያው የተበሳበት ሰው ዐሥራ አንድ ክረምት ሊጠብቅ አይችልም።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

ይህን ካወቅን በኋላ ቅጹን ልንጥለው ነው ወይ? አይደለም። ጦርነትን የማይሸፍን ውል ሌላውን ይሸፍናል፤ ሌላው ደግሞ ትንሽ አይደለም። ነገሩ ባለቤቱ የሎንዶንን ፍርሃት ትቶ የራሱን ከተማ ፍርሃት ይዞ እንዲገባ ነው።

መጀመሪያ ዋጋው ነው። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ ሆኖም በመቀሌ የአንድ ቤት ዋጋ ሲነገር የቦታው ተፈላጊነት አብሮ ይነገራል። ቦታ ግን አይቃጠልም። መድን የሚገባው ቤቱን ዛሬ መልሶ ለመሥራት ለሚፈጀው ገንዘብ ነው። ከዚያ በታች መግባት ብልጥነት ይመስላል፤ አረቦኑ ያንሳልና። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። መልሶ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ2 ሚሊዮን ብር ዋስትና ገባ እንበል። አንድ ክፍል ተቃጥሎ የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ኩባንያው «ግማሹን ነው የዋስኩት» ብሎ 500 ሺህ ብር ብቻ ይከፍላል፤ ግማሹን ባለቤቱ ራሱ እንደ ተዋሰ ይቆጠራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ የብረትና የሌላው የግንባታ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደ ሄደ አንባቢ ያውቃል። በየዓመቱ ሳይታይ የሚታደስ የዋስትና መጠን፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ቤቱን በግማሽ የሚያስቀር ነው። ከሚገባው በላይ መግባትም አይጠቅምም፤ የንግድ ሕጉ ካሳው ንብረቱ በአደጋው ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይከለክላልና። ያረጀ ቤት ያለው ሰው ደግሞ «በእርጅና ትቀንሳላችሁ ወይስ እንደ አዲስ ትሠራላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያስፍር።

ሁለተኛው ተጨማሪ ሽፋን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍና ማዕበል፣ ሁከትና ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥፋት ብዙውን ጊዜ ከመሠረታዊው የእሳት ውል ውጭ ናቸው፤ ሲጠየቁና ሲከፈልባቸው ግን ይጨመራሉ። ለመቀሌ የድንጋይ ቤት ከእነዚህ መጀመሪያ የሚመረጠው መንቀጥቀጥ ነው፤ በተዳፋት ሥር ለተሠራው ደግሞ ጎርፍ። ካለፉት የሁከት ዓመታት ወዲህ በአገራችን ገበያ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚሸፍን የተለየ ውልም ታይቷል፤ በዋናነት የታሰበው ለፋብሪካና ለንግድ ድርጅት ቢሆንም መጠየቁ አይከፋም። የሚሸፍነው ሁከትን ብቻ ነው ወይስ ጦርነትንም? ልዩነቱ ያለው በአንዲት ቃል ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ባዶ ቤት ነው። ብዙ ውሎች ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሠላሳ ቀን፣ ሰው ሳይኖርበት ከቆየ ሽፋኑን ያጠብባሉ ወይም ያቆማሉ። ተፈናቅሎ የወጣ ቤተ ሰብ ቤቱን ዘግቶ የሄደው ለሽርሽር አይደለም፤ ውሉ ግን ምክንያቱን አይጠይቅም። የሚከራይ ቤት ወይም በውጭ አገር ያለ ዘመድ ያሠራው ቤት ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብብ። የቤቱ አጠቃቀም ሲለወጥም፣ ለምሳሌ የፊቱ ክፍል ሱቅ ወይም ዳቦ ቤት ሲሆን፣ ለመድን ሰጪው መንገር ያሻል፤ የተደበቀ ነገር በካሳ ቀን ይወጣል።

አራተኛው ጊዜ ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ከኢንሹራንስ ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ የሚቆጠረውም አደጋው ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዩ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ፕሪቶርያው ስምምነት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በትግራይ ባንክም ስልክም ተዘግቶ ነበር። አረቦን የሚከፍልበት ባንክ፣ አደጋን የሚያሳውቅበት ስልክ የሌለው ሰው ሁለት ዓመት ረጅም ጊዜ ነው ሊባል አይችልም። ስለዚህ የውሉ አንድ ቅጂ፣ የቤቱ ፎቶግራፍና የካርታው ግልባጭ ከቤቱ ውጭ፣ ከተቻለም ከከተማው ውጭ በዘመድ እጅ ይቀመጥ።

የቀረው ዋስ

ይህን ሁሉ ያደረገ ባለቤት ከእሳት፣ ከመንቀጥቀጥ፣ ከጎርፍና ከሌባ የተዋሰ ቤት ይኖረዋል። ለሚገባበት ገንዘብ የሚያወጣ ሽፋን ነው። ከተማይቱን ከሁሉ በላይ የጎዳት አደጋ ግን አሁንም ደጅ ቆሞ ይቀራል፤ ኩባንያን በመምረጥ፣ አረቦን በመጨመርም አይጠፋም። እዚህ ላይ የባለቤቱ ምርጫ ያበቃና የአገር ምርጫ ይጀምራል።

እንግሊዞች ቦምቡ ገና ሳይበርድ የተመካከሩበት ጥያቄ ይህ ነበር፤ በጦርነት የፈረሰ ቤት ኪሳራ የዚያ የዕድለ ቢስ ሰው ነው ወይስ የሁላችን? እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣችው ሕግ በጦርነት ለተጎዳ ንብረት ከንብረት ግብር በሚቆም ፈንድ ካሳ ትከፍላለች። በሁለቱም አገር መልሱ የተገኘው ጦርነትን ከውል ውጭ ያደረገውን ኩባንያ በመክሰስ ሳይሆን፣ ሸክሙን ባለንብረት ሁሉና መንግሥት እንዲካፈሉት በሕግ በመደንገግ ነው። እኛ ደቦንና እድርን የፈጠርን ሕዝብ ነን፤ አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎደለን ሰፈርን የሚያህለውን እድር አገርን እንዲያህል አድርጎ የሚጽፍ ሕግ ነው። እንዲህ ያለው ሕግ የሚጻፈው ደግሞ በሰላም ቀን ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ መጮኹ ለማንም አልበጀምና።